የአሮጌ መኪና ሞተርና የመለዋወጫ ዕቃው ነገር

ለማስተማር በተመደብንበት ቀበሌ የማታ ትምህርት የሚሰጠው በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ግድግዳ ሥር ነበር። ጥቁር ሰሌዳው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ተማሪዎቹ ግንድ ላይ ይቀመጣሉ። ከመጋዘኑ ፊት ለፊት የማኅበሩ የጭነት መኪና ይቆማል። መኪናው አሮጌ ኤን ትሬ ነው። ማታ ማታ ከኮምቦልቻ ሲመለስ ጭሱ ከመኪናው ቀድሞ ይደርሳል። ሰማያዊ ጭስ ነው። ዓይን ያቃጥላል፤ ትምህርቱን ያቋርጣል።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ተማሪያችን፣ «እናንተ ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ፣ ለመሆኑ ይኼ መኪና እንዲህ የሚያጨሰው ምን ሆኖ ነው?» ብለው ጠየቁን። እኛ ስድስት ነበርን። ሁለታችን የታሪክ፣ ሦስታችን የሒሳብና የባዮሎጂ ተማሪዎች ነን። አንዱ ብቻ የምሕንድስና ተማሪ ነው፤ እሱም ቢሆን ገና የአንደኛ ዓመት ነው። እርስ በርሳችን ተያየን። «አጣርተን እንነግርዎታለን» ብለን አለፍነው። ይህ ጽሑፍ ያን ጊዜ ያጣራነው ነው። ያጣራነው ግን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ራሳችን ተሳስተን፣ ማኅበሩንም አሳስተን ጭምር ነው።

አስቀድመን ስለ መኪናው ጥቂት እንበል። «ኤን ትሬ» የሚባለው ፊያት 682 ኤን 3 ነው። «ትሬ» በጣሊያንኛ ሦስት ማለት ነው። 682 የተባለው መኪና መሠራት የጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ሲሆን፣ ከ30 ዓመት በላይ ከፋብሪካ ሲወጣ ቆይቶ ቆሟል። ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደርና በናፍጣ የሚሠራ ሲሆን ስፋቱ ወደ 10.7 ሊትር ይጠጋል። መሪው በቀኝ በኩል ነው። የአሰብ ወደብ እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የአገራችን ዕቃ ዋና መግቢያ በነበረበት ጊዜ፣ ከአፋር ሐሩር ተነሥተው በባቲና በኮምቦልቻ አድርገው ደጋውን ሲወጡ ከኖሩት መኪናዎች አንዱ ይኼ ነው። ጋራዥ ውስጥ የምንሰማቸው ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቺንጋ፣ ብሎን የሚባሉት ቃላትም ከጣሊያኖችና ከጣሊያን መኪናዎች ጋር የገቡ ናቸው። አዲስ መኪና የያዘ ሹፌር እንኳ የሚጠራቸው በእነዚሁ ስሞች ነው።

ሞተሩ የሚሠራው እንዴት ነው? የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። በመንፊያው ደጋግማችሁ ስትነፉ የመንፊያው ጫፍ ይሞቃል። አየር ሲታመቅ ይግላልና ነው። የናፍጣ ሞተርም ይህንኑ ያደርጋል፤ ልዩነቱ በጣም ብዙ ማድረጉ ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን አየር ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ፣ እንዲያውም ከዚያ ባነሰ ቦታ ያምቀዋል። የአየሩ ግለት ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ናፍጣው በጣም ደቆ ይረጫል፤ ራሱም ይቀጣጠላል። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ካንዴላ የማያስፈልገው ለዚህ ነው። እሳቱ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ፒስተኑ ዋናውን ዘንግ ያዞራል፤ ጎማው ይዞራል።

እንግዲህ ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው አየሩ ሳያመልጥ በመታመቁ ላይ ነው። ፒስተኑና ሲሊንደሩ ግን ብረትና ብረት ስለሆኑ ተጣብቀው ሊሄዱ አይችሉም፤ በመካከላቸው ክፍተት መኖር አለበት። ያንን ክፍተት የሚዘጉት በፒስተኑ ወገብ ላይ ባሉት ቦዮች የሚገቡ የብረት ቀለበቶች ናቸው። መካኒኮች ፋሻ ይሏቸዋል። የላይኞቹ ፋሻዎች አየሩን ይይዛሉ። የታችኛው ደግሞ ከግድግዳው ላይ ዘይት እየጠረገ ወደ ታች ይመልሳል። ፋሻው የሚሄድበት የሲሊንደሩ የውስጥ ልባስ ካሚቻ ይባላል። ፋሻና ካሚቻ ሲበሉ ዘይቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከናፍጣው ጋር ይቃጠላል።

የሽማግሌው ጥያቄ መልስ ይኸው ነው። ሰማያዊ ጭስ ማለት ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው ማለት ነው። ጥቁር ጭስ ሌላ ነው፤ ናፍጣው በዝቶ ወይም አየሩ አንሶ በደንብ ሳይቃጠል ሲቀር ይመጣል። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ሲታፈን፣ ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል ማንጠባጠብ ሲጀምር፣ ወይም መኪናው ከአቅሙ በላይ ሲጫን ጥቁር ያጨሳል። በከፍታ ቦታም ይብሳል። ጣርማ በር ላይ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ አየሩ ከወደቡ አየር ወደ 30 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ነጭ ጭስ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ቢታይ ችግር የለውም። ሞቆም ነጭ ማጨሱን ካላቆመ፣ የራዲያተሩ ውኃም ያለ ምክንያት እየጎደለ ከሆነ፣ ውኃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ስለሆነ ሊታይ ይገባዋል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ሲወጣ ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ደግሞ ውኃው ወደ ዘይቱም ገብቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሞተር አስነሥቶ መሄድ ኋላ ያስለቅሳል።

አሁን ወደ ስሕተታችን እንምጣ።

የማኅበሩ ኮሚቴ መኪናውን ኮምቦልቻ ወስዶ ለአንድ አዛውንት መካኒክ አሳየ። መካኒኩ ቴስታታውን ካወረዱ በኋላ ጥፍራቸውን በካሚቻው የላይኛው ጫፍ አሳለፉና፣ «ይኼው ጥፍሬን ያዘው። እርከን ሠርቷል። ካሚቻውም፣ ፒስተኑም፣ ፋሻውም መቀየር አለበት» አሉ። በዚያውም ብሮንዚኖቹ እንዲታዩ መከሩ። ኮሚቴው ዋጋውን ሰምቶ ደነገጠ። ሌላ ጋራዥ ሄደ። እዚያ ደግሞ፣ «ፋሻ ብቻ እንቀይርላችኋለን፤ ርካሽ ፋሻም አለን» ተባለ።

ማታ ጉዳዩ ወደ እኛ መጣ። ያን ሳምንት የምናስተምረው ስለ መቶኛ ነበር። «ጥሩ ምሳሌ ተገኘ!» አልን። ዋጋ ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሚለዋወጥ እዚህ በብር አንጽፈውም፤ ያን ቀን ሰሌዳ ላይ እንደጻፍነው ሙሉ እድሳቱን 100 እንበለው። ዕቃው 60፣ የቶርኖ ቤት ሥራ 12፣ የእጅ ዋጋ 20፣ ዘይትና ማጣሪያ 8፤ ድምሩ 100። ፋሻ ብቻ ቢቀየር ደግሞ፣ ፋሻው 6፣ ጓርኒሲዮኑ 5፣ የእጅ ዋጋ 12፣ ዘይትና ማጣሪያ 8፤ ድምሩ 31። «ስለዚህ 69 በመቶ ተረፈ» ብለን በትልቁ ጻፍን። ተማሪዎቹ በደብተራቸው ገለበጡ። ኮሚቴውም በማግሥቱ ፋሻውን አስቀየረ። ድምሩ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ያልደመርነው ነገር ነው።

መኪናው ለሰባት ሳምንት ያህል ደህና ሠራ። ጭሱም ቀነሰ፤ እኛም ኮራን። ከዚያ ሽንኩርት ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ከደብረ ሲና በላይ ባለው ዳገት ላይ ሞተሩ መንኳኳት ጀመረ። ሹፌሩ ማቆም ነበረበት። ግን ሽንኩርቱ እንዳይበላሽ ብሎ ቀጠለ። የዘይት ግፊት ጠቋሚው ደግሞ ከተበላሸ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ማንም ሊያሠራው አላሰበም። ጥቂት ከሄደ በኋላ ሞተሩ ቀጥ አለ። መኪናው እዚያው ጉም ውስጥ አራት ቀን ቆመ። ዝናብ ነበር። ሽንኩርቱ በሸራው ሥር በሰበሰ። የሃያ ሦስት ገበሬዎች ሽንኩርት ነበር። ከእነሱ መካከል ሰባቱ የእኛው ተማሪዎች ናቸው።

መኪናው ተጎትቶ ወደ መጀመሪያው መካኒክ ሲገባ ከእኛ ሁለታችን አብረን ሄድን። አዛውንቱ አልተቆጡንም፤ ብቻ እየፈቱ ያሳዩን ነበር። ያን ቀን የተማርነውን እንደሚከተለው እንጽፈዋለን።

ፋሻው ካሚቻው ውስጥ ሲመላለስ ካሚቻው የሚበላው ፋሻው በሚደርስበት ቦታ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ጫፍ ሳይበላ ይቀራል። ስለዚህ እርከን ይፈጠራል። አሮጌው ፋሻ አብሮ ስለተበላ እርከኑን አይነካውም። አዲሱ ፋሻ ግን ጠርዙ ያልተበላ ስለሆነ በየምልልሱ እርከኑን ይመታዋል። በተጨማሪም የተበላ ካሚቻ ክብነቱን ያጣል፤ ሞላላ ይሆናል፤ ላዩ ሰፊ ታቹ ጠባብ ይሆናል። ክብ ፋሻ ሞላላ ጉድጓድ አይሞላም። ብረቱ ጥሩ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ጥቂት ወራት ይቆይ ነበር። ይኼኛው ግን ተሰባሪ ነበር። አንዱ ፋሻ ተሰበረ፤ ስባሪው ካሚቻውን እንደ ማረሻ አረሰው። ዘይቱ በዚያ በኩል ወጥቶ ተቃጠለ። ዘይቱ ሲጎድል ብሮንዚኑ ደረቀ፤ ዋናው ዘንግ ተላጠ። ነገሩ ሁሉ የአንድ ቀለበት ነገር ነው።

አዛውንቱ ከዚያው ከርካሹ ፋሻ የተረፈውን አንዱን ወስደው አዲስ ካሚቻ ውስጥ አስገቡ። በፒስተን ጀርባ ገፋ አድርገው አስተካከሉት። ከዚያም በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለውን ክፍተት በስስ የብረት ምላስ ለኩ። እንደ ደንቡ ክፍተቱ ለ100 ሚሊ ሜትር የሲሊንደር ስፋት ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ክፍተቱ ካነሰ ፋሻው ሲሞቅ ተስፋፍቶ ጫፍ ለጫፍ ይጋጫል፤ ይሰበራል። ከበዛ ደግሞ ጋዙን ያሳልፋል። በተረፉት ፋሻዎች ላይ ሲለካ አንዱ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ሆነ፤ ሌላው ሊገጥም ምንም አልቀረውም። ከአንድ ሣጥን የወጡ ናቸው እኮ! ቀጥሎም ካሚቻውን ወደ ብርሃን ይዘው ከታች እንድናይ ነገሩን። በፋሻውና በግድግዳው መካከል የጨረቃ ቅርጽ ያለው ብርሃን ይታይ ነበር። ይህን ለማየት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ከመግዛት በፊት ሁለት ደቂቃ ማየት ይበቃ ነበር።

የዕቃ ጥራት ማለት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባን። በዓይን የሚታይ ነገር ብቻ አይደለም። የብረቱ ቅይጥ፣ ጥንካሬው፣ የልኩ ትክክለኛነት፣ አንዱ ከሌላው ጋር እኩል መሆኑ ነው። ገበያ ላይ «ኦርጅናል» የሚባል አለ፤ ይህ መኪናውን የሠራው ኩባንያ በራሱ ስም የሚያወጣው ነው። መኪናው መሠራቱ ካቆመ ብዙ ዓመት ስለሆነው ለኤን ትሬ እንዲህ ያለ ዕቃ እንደልብ አይገኝም። ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ፋሻ ወይም ብሮንዚን መሥራት ሙያቸው የሆነ ፋብሪካዎች በራሳቸው ስም የሚያወጡት ነው። የመኪና ኩባንያዎችም ብዙውን ጊዜ ዕቃ የሚገዙት ከእነዚሁ ስለሆነ፣ ያለ ኩባንያው ሣጥን በቅናሽ ያንኑ ዕቃ ማግኘት ይቻላል። በእኛ ሐሳብ ለአሮጌ መኪና የሚሻለው ይኼ ነው። ሦስተኛው ማንነቱ የማይታወቅ ርካሽ ዕቃ ነው። አራተኛው የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት፣ በተለምዶ ፎርጅድ የምንለው ነው። ሦስተኛው ድሀ ነው፤ አራተኛው ግን ሌባ ነው። የአገር ስም ብቻውን ምንም አይነግረንም። ከአንድ አገር ጥሩውም መጥፎውም ይወጣል፤ ነጋዴው ባዘዘው ልክ ነው የሚሠራለት።

ከሁሉ የሚያሳስተው ብሮንዚን ነው። ብሮንዚን ማለት ዋናው ዘንግ የሚቀመጥበት፣ ለሁለት የተከፈለ ስስ የብረት ቀለበት ነው። ሲታይ ተራ ቆርቆሮ ይመስላል። ነገር ግን እንደ ድርብ ልብስ የተነባበረ ነው። ጀርባው ጠንካራ ብረት ነው። በላዩ የመዳብና የእርሳስ ወይም የአሉሚኒየም ቅይጥ አለ። በብዙዎቹ ላይ ደግሞ ከወረቀት በጣም የሳሳ ለስላሳ ልባስ ይጨመራል። ለስላሳው ልባስ ከዘይቱ ጋር የሚመጣውን ደቃቅ ቆሻሻ ውጦ ይይዛል፤ ዘንጉ እንዳይፋቅ ያደርጋል። ፎርጅዱ ላይ አብለጭላጭ ቀለም እንጂ ይኼ ልባስ የለም፤ ወይም በደንብ ስላልተጣበቀ ሲሞቅ ይላጣል። የተላጠው ቅርፊት ደግሞ የዘይቱን መንገድ ይዘጋል።

ዘንጉ በተጎዳ ጊዜ ቶርኖ ቤት ገብቶ ይሞረዳል። ሲሞረድ ይቀጥናል፤ ስለዚህ ወፈር ያለ ብሮንዚን ያስፈልገዋል። ልኩም 0.25፣ 0.50፣ 0.75፣ 1.00 ሚሊ ሜትር እየተባለ በደረጃ ይሄዳል። ያልተሞረደ ዘንግ የሚወስደው ስታንዳርድ የሚባለውን ነው። የማኅበሩ መኪና ዘንግ 0.50 ድረስ ወረደ። ብሮንዚን ለመግዛት የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ እትዬና እኛ አብረን ሄድን።

እትዬ ከእኛ ጋር ፊደል ከቆጠሩ ገና ስምንት ወራቸው ነበር። ነጋዴው ሣጥኑን አቀረበ። ሣጥኑ ላይ 0.50 ይላል። እኛ «ደህና ነው» ብለን ዋጋ መከራከር ጀመርን። እትዬ ግን ሣጥኑን ከፍተው ብሮንዚኖቹን አንድ በአንድ እያወጡ ጀርባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር። አፋቸው ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል፤ እያነበቡ ነው። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ልጆቼ፣ ሣጥኑ ሌላ ይላል፤ ብረቱ ሌላ ይላል» አሉ። ተቀበልናቸውና አየን። ጀርባው ላይ የተመታው ቁጥር 0.25 ነበር። ነጋዴው፣ «እትዬ፣ ያው ነው፤ ልዩነቱ ከፀጉር አይበልጥም» አላቸው። እሳቸውም፣ «ፀጉር ከሆነ ባለ ፀጉሩን ስጠኝ» አሉት።

ነጋዴው ሲዋሽ ለእውነት ቀረብ ብሎ ነበር፤ ዋናው ችግርም እዚያ ላይ ነው። በዘንጉና በብሮንዚኑ መካከል የሚተወው የዘይት ቦታ በእንዲህ ያለ ትልቅ ሞተር ላይ እንኳ ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ነው፤ እንደ አንድ ወረቀት ውፍረት ማለት ነው። በ0.50 በተሞረደ ዘንግ ላይ 0.25 ብሮንዚን ቢገባ ክፍተቱ በ0.25 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። ዘይቱ በሰፊው ስለሚያመልጥ ግፊት አይኖርም፤ ሞተሩ ገና ከጋራዡ ሳይወጣ መንኳኳት ይጀምራል። ገዢውም «መካኒኩ አበላሸብኝ» ይላል። መካኒኩም «ዕቃው ነው» ይላል። ሣጥኑ ደግሞ ተጥሏል።

ስለዚህ የሚነበበው የብረቱ ጀርባ እንጂ ሣጥኑ ብቻ አይደለም። አሮጌው ዕቃም ሳይጣል ወደ ገበያ ይዛችሁት ሂዱ። በክብደት አስተያዩት፤ ርካሽ ካሚቻና የውኃ ፖምፕ ብረታቸው ስለሚሳሳ ብዙ ጊዜ ይቀልላሉ። ስድስቱን ፒስተን በሚዛን መዝኑ፤ ልዩነታቸው ጥቂት ግራም ካልሆነ ሞተሩ ይርገበገባል። በሞረድ ጥግ በማይጎዳ ቦታ ጫር ማድረግም አለ፤ መጠንከር የሚገባው ብረት በቀላሉ ከተፋቀ አትግዙት። የተጻፈው ፊደል የተዛባ፣ ቁጥሩ በቀለም ብቻ የታተመ ከሆነ ጠርጥሩ። ከሁሉ በላይ ማይክሮሜትር ያለው ሰው ይለካላችሁ። ለመለኪያ የሚከፈለው ገንዘብ ትንሽ ነው።

የዘይትና የናፍጣ ማጣሪያ ላይም ብዙ ሰው ይታለላል። ከውጭ ሲታይ ሁሉም ጣሳ ነው። ውስጡ ያለው ወረቀት ግን ይለያያል። በመጥፎው ውስጥ ወረቀቱ ጥቂት ነው፤ ወይም ሙጫው ስለሚለቅ ዘይቱ ሳይጣራ በጎን ያልፋል። የናፍጣ ፖምፕና የኖዝል ውስጣዊ ክፍሎች ከሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ እስከ ጥቂት ሺሕኛ በሆነ ክፍተት የተገጣጠሙ ናቸው። ዓይን የማያየው አሸዋ ይበላቸዋል። በሁለት እንጀራ ዋጋ ቅናሽ ተብሎ የተገዛ ማጣሪያ አንድ ፖምፕ ሊገድል ይችላል።

ይህን ስንል ሁሉም ነገር ውድ ይገዛ ማለታችን አይደለም። እንዲህ የሚል ምክር ገንዘብ ያለው ሰው ምክር ነው። የበር እጀታ፣ መስተዋት፣ የጭቃ መከላከያ፣ መብራት ርካሹ ይበቃል። ቢበላሽ ሞተር አይገድልም፤ ሲበላሽም ይታያል። ብዙ ቡሽና ዘንግ እዚሁ ቶርኖ ቤት በደንብ ይሠራል። ያገለገለ ዕቃም መናቅ የለበትም። ከወደቀ መኪና የወጣ የመጀመሪያው ፋብሪካ ዘንግ ወይም ቴስታታ፣ ስንጥቅ እንደሌለው ተረጋግጦና ተለክቶ ከተገኘ፣ ከማይታወቅ አዲስ ይሻላል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ እየዞሩ እንዲህ ያለውን የሚፈልጉ መካኒኮች ሞኞች አይደሉም። ያገለገለ ፋሻ፣ ብሮንዚንና ጓርኒሲዮን ግን ተመልሶ አይገባም።

መለያው ይኼ ነው፤ ዕቃው ቢሰበር ምን ይዞ ይጠፋል? ብሎ መጠየቅ ነው። ደግሞም ለመቀየር ምን ያህል መፈታት አለበት? ርካሽም ይሁን ውድ፣ ፋሻ ለመቀየር ሞተሩ መከፈት አለበት። የእጅ ዋጋው፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ዘይቱ አንድ ነው። በዕቃው ላይ የተገኘው ቅናሽ ሁለተኛ ጊዜ ሲከፈት ሁሉንም ይዞ ይሄዳል።

ሰሌዳው ላይ የጻፍነውን እንደገና ጻፍነው። ለመጀመሪያው ፋሻ 31። ለመጎተቻ 15። ለጠፋው ሽንኩርት 25። ለሙሉ እድሳት 100፤ ዘንጉ ስለተላጠ ለእሱ ተጨማሪ 10። ድምሩ 181። «69 ተረፈ» ያልነው ሥር «81 ጠፋ» ብለን ጻፍን። መኪናው የቆመበትን 40 ቀን አልጨመርንበትም። በመደዳ ከተቀመጡት መካከል አንዱ፣ «የእኔ ሽንኩርት ከ25ቱ ስንተኛው ነው?» ሲል ጠየቀን። ሒሳቡን አብረን ሠራነው። ከዚያ ቀን በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ማንም ከእኛ ጋር አልሳቀም።

ገንዘቡን ማግኘት ራሱ ሌላ ችግር ነበር። መለዋወጫ ከውጭ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው፤ የብር ዋጋ ሲወርድ ዋጋው ይወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ርካሹ ዕቃ ይበልጥ የሚያጓጓው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መግዛት ያልቻለ ሰው መኪናውን አቁሞ ዕቃውን ቀስ በቀስ ቢያሟላ ይሻለዋል። ማኅበሩም እንደዚያ አደረገ። ካሚቻና ፒስተኑ አንድ ጊዜ፣ ብሮንዚኑ ሌላ ጊዜ ተገዛ። እህሉ እስከዚያ በኪራይ መኪናና በአህያ ተጓጓዘ።

ስለ ውኃውም አንድ ነገር እንጨምር። ሞተሩ ሲከፈት የውኃው መተላለፊያ ውስጥ በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ያለ ነጭ ድንጋይ ተገኝቷል። የወንዝና የጉድጓድ ውኃ እየተጨመረ የኖረበት ነው። ያ ድንጋይ ሙቀትን ስለሚይዝ ብረቱ ይግላል፤ ፋሻውም ይደክማል። የዝናብ ውኃ አጠራቅሞ መጨመር ወጪ የለውም። ቆላ የሚሠሩ ሹፌሮች ደግሞ «ሞተር እንዳይግል» ብለው ቴርሞስታቱን አውጥተው ይጥላሉ። ይኼ ጥቅም የለውም። ሞተሩ ደጋ ላይ ሳይሞቅ እየሠራ ካሚቻው ይበላል፤ በአንዳንድ ሞተር ላይም ውኃው ራዲያተሩን ትቶ በአቋራጭ ስለሚዞር ጭራሽ ይግላል።

መኪናው ተሠርቶ ሲመለስ አዛውንቱ መካኒክ ለሹፌሩ የሮዳጅ ትእዛዝ ሰጡት። የመጀመሪያውን 1,000 ኪሎ ሜትር በግማሽ ጭነት፣ ሞተሩን ሳያስጨንቅ፤ ቆሞም ለረጅም ጊዜ ሳያስነሣው እንዲሄድ። ከዚያ ዘይቱና ማጣሪያው ይቀየራል፤ የቴስታታው ብሎኖች እንደገና በልካቸው ይጠብቃሉ። የዘይት ግፊት ጠቋሚውም ተሠራ። ዋጋው ከሁሉም ያነሰ ነበር። እትዬ ደግሞ ደብተር ከፈቱ። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተጨመረ ዘይት፣ የተገዛ ዕቃና በብረቱ ጀርባ ላይ ያለው ቁጥር። ባዶ ሣጥኖቹንም በመጋዘኑ መደርደሪያ ላይ ደረደሯቸው።

በማግሥቱ ጠዋት መኪናው ሲነሣ ነጭ ጭስ ወጣ። ያ ሽማግሌ ተማሪያችን ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡና፣ «ይኼስ?» አሉን። «ቅዝቃዜው ነው፤ ሞቅ ሲል ይጠፋል» አልናቸው። አላመኑንም። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጭሱ እስኪጠፋ ድረስ ጠበቁ።